አራት ክረምት

የእግር ኳስ ሰዎች «የውድድር ዘመን» ብለው የሚጠሩትን ነገር ገበሬው ከእነርሱ አስቀድሞ ያውቀዋል። ይዘራል፣ ይታረማል፣ ይታጨዳል፣ ይወቃል፤ ከዚያ በኋላ ጎተራው ሞላም ጎደለም ዘመኑ ተዘግቶ አዲሱ ይከፈታል። ለጤፍና ለበቆሎ ይህ አቆጣጠር ይበቃል። ከወላይታ ጓሮ የማይጠፋው እንሰት ግን በተተከለበት ዓመት ለገበታ አይደርስም። ከአሚቾው ያቆጠቁጣል፣ ይነቀላል፣ ከመደብ ወደ መደብ ይዛወራል፣ ፍግ እየተደረገለት እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ዓመት ይቆያል። የእንሰትን ልማት በአንድ መኸር የሚለካ ሰው ዘወትር የከሰረ ይመስለዋል።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም. ያሳለፋቸው አራት ክረምቶች በእንሰቱ አቆጣጠር ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ነገሩን በሚገባ ለመረዳት ግን ቡድኑ የተሰለፈበት ውድድር ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

የሴቶች ክለቦች አህጉራዊ ውድድር በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው ጉዳይ አይደለም። አውሮፓውያን እንኳ የሴቶች ክለቦቻቸውን ለአንድ ዋንጫ ማሰለፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2002 በተደረገው የመጀመሪያው ፍጻሜ የጀርመኑ ፍራንክፈርት የስዊድኑን ኡሜኦ በገዛ ከተማው 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሣ፣ በስታዲየሙ የተገኘው ሕዝብ ከ12 ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ባርሴሎና የጀርመኑን ቮልፍስቡርግ በካምፕ ኑ ሲገጥም ግን የተመልካቹ ቁጥር 91,648 ደርሶ ነበር። ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው ታሪክ ደግሞ እምብዛም የሚያኮራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1920 በሊቨርፑል ከተማ፣ በጉዲሰን ፓርክ ሜዳ፣ ሁለት የሴቶች ቡድኖች ሲጫወቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ ተመልክቷል። በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች የማይስማማ ነው ሲል ክለቦች ሜዳቸውን እንዳይሰጧቸው ከለከለ፤ እገዳውም ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ጸንቶ ኖረ። «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ይተረት እንጂ ሐሳቡ የአንድ አገር ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአፍሪካ የሴቶች ክለቦች ሻምፒዮንስ ሊግ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በካይሮ ነው። ወደ ማጠቃለያው ውድድር የሚገቡት ስምንት ክለቦች ብቻ ሲሆኑ፣ አህጉሩ በቀጣናዎች ተከፍሎ ከየቀጣናው ለመውጣት ማጣሪያ ይደረጋል። ኢትዮጵያ የምትሰለፈው በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ቀጣና፣ በአጠራሩ በሴካፋ ነው። የኬንያ፣ የታንዛኒያ፣ የኡጋንዳ፣ የሩዋንዳና የሌሎችም አገሮች ሻምፒዮኖች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ሁለት ሳምንት ከምናምን ይጫወታሉ፤ ከመካከላቸውም የሚያልፈው አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛ የወጣው እንደ መጨረሻው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ማጣሪያ በእነዚያ አራት ዓመታት ሁሉ የተካሄደው በነሐሴ፣ ማለትም በኢትዮጵያ ዝናቡ በማያባራበት፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበትና ልጆች በየቤታቸው በሚሆኑበት ወራት ነበር።

በወላይታ ሶዶ የምትኖር አንዲት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት እነዚህን አራት ክረምቶች አንድ በአንድ ቆጥራቸዋለች። የተወለደችው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ከሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። በልጅነቷ ከወንድሞቿ ጋር የጨርቅ ኳስ ስትራገጥ አድጋ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት «በቃሽ» ተባለች። ለምን እንደበቃት የነገራት ሰው አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ በመምህርነት ተመርቃ ወደ ሶዶ ስትመለስ፣ ቃሉ እንደተነገረበት ቀን ሆኖ በጆሮዋ ይሰማት ነበር። በክረምት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ባዶ መሆኑን ባየች ጊዜ ጥበቃውን አስፈቅዳ ልጃገረዶችን ትሰበስብ ጀመር። ደመወዝ የሚጨምርላትም ሆነ ሥራዬ ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም።

ሶዶ ለእግር ኳስ ባዕድ ከተማ አይደለችም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የሐዋሳ፣ የሆሳዕና፣ የአርባ ምንጭ፣ የሳውላና የዳውሮ መንገዶች የሚገናኙባት ናት፤ ወሬም እንደ ሸቀጥ በእርሷ በኩል ያልፋል። የከተማው ሰው ስለ ኳስ ሲነሣ የማይረሳው 2010 ዓ.ም.ን ነው። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ ያነሣው ወላይታ ድቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከግብፁ ዛማሌክ ጋር ተደለደለ። ዛማሌክ የአፍሪካን ሻምፒዮንነት አምስት ጊዜ ያገኘ ክለብ ነው። ድቻ በሐዋሳ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በካይሮ ዛማሌክ በዚያው ውጤት መለሰለት፤ በፍጹም ቅጣት ምት ግን ድቻ 4 ለ 3 ረትቶ አለፈ። በዚያች ሌሊት በሶዶ የተኛ ሰው ነበር ለማለት ያስቸግራል። መምህርቷም ከጎረቤቶቿ ጋር አደባባይ ወጥታ ዘፍናለች። ሆኖም በማግሥቱ አንድ ነገር ልብ አለች፤ በየሠፈሩ ወንዶች ልጆች ኳስ ይዘው የድቻን ተጫዋቾች ስም ተከፋፍለው ሲጫወቱ፣ ሴቶቹ ልጆች ከአጥር ሥር ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። የሚከፋፈሉት ስም አልነበራቸውም።

የመጀመሪያው ክረምት፣ የ2013ቱ፣ ያንን ስም ይዞ መጣ። ማጣሪያው የተደረገው በናይሮቢ ነበር። የንግድ ባንክ አጥቂ ሎዛ አበራ በዚያ ውድድር 13 ግቦችን አስቆጥራ የግብ አግቢዎችን ሠንጠረዥ መራች። ሎዛ የተወለደችው ከወላይታ በስተሰሜን በምትገኘው በከምባታዋ ዱራሜ ነው። ከዱራሜ ሶዶ ሩቅ አይደለም፤ ገበያውም፣ አየሩም፣ እንሰቱም አንድ ነው። ሐዋሳ ከተማ በተባለው ክለብ ታውቃ፣ በደደቢት ገንና፣ ወደ ስዊድን ተሻግራ ተመልሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ማልታ ሄደች። በዚያም ለብርኪርካራ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን 30 ግቦችን አግብታ የአገሪቱ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነች። ከዚያ ተመልሳ ነው የንግድ ባንክን ማልያ የለበሰችው። በሶዶ ሜዳ በዚያ ክረምት የተሰበሰቡት ልጃገረዶች ዘጠኝ ነበሩ፤ ዘጠኙም ሎዛ መሆን ፈለጉ። መምህርቷ በየቀኑ አንዷን ብቻ ሎዛ እያደረገች ተራ በተራ አዳረሰቻቸው።

በፍጻሜው ቡድኑ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በማግሥቱ ከዘጠኙ አንዷ «አሥራ ሦስት ግብ ያገባች ሰው እንዴት ትሸነፋለች?» ስትል ጠየቀች። መምህርቷ «በመጨረሻው ቀን እነዚያ ሁለት አገቡ፣ የእኛዎቹ አንድ» አለቻት። መልሱ ልጅቷን አላጠገባትም። መምህርቷንም አላጠገባትም፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ እውነተኛ መልስ አላገኘችለትም።

ሁለተኛው ክረምት ዋንጫውን ወደ ታንዛኒያ ወሰደው፤ በ2014 ዓ.ም. ማጣሪያ ያለፈው የዳሬ ሰላሙ ሲምባ ኩዊንስ ነበር። በሶዶ ግን ሜዳው ላይ የልጃገረዶቹ ቁጥር ወደ አሥራ ስድስት ከፍ አለ። ኳሱ አንድ ነው፤ እርሱም ሁለት ጊዜ የተሰፋ። ታኬታ ያላት ልጅ አልነበረችም፤ ገሚሶቹ በኮንጎ ጫማ፣ ገሚሶቹ በባዶ እግር ይጫወታሉ። ዝናቡ ሲበረታ ከመማሪያ ክፍሎቹ ታዛ ሥር ይጠለሉና መምህርቷ በቃል ታስተምራቸዋለች። አንድ ቀን አካልን በአንድ ወገን አሳይቶ በሌላው ማለፍን ልታስረዳቸው ብትሞክር አልሆነላትም። በመጨረሻ አንዷን ልጅ «ዝፈኚ» አለቻትና ሌሎቹን አስጨፈረቻቸው። የወላይታ ጭፈራ በወገብ እንቅስቃሴው የታወቀ ነው፤ ትከሻ ወደ አንድ ወገን፣ ወገብ ወደ ሌላው፣ እግር ደግሞ በመካከል የራሱን ምት ይጠብቃል። «አሁን ይህንኑ ኳስ ይዛችሁ አድርጉት» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ትምህርት የተጠና ሆነ።

በዚያው ክረምት አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናት አንዲት ግራ እግር ልጅ ወደ ሜዳው መጣች። ዝምተኛ ናት፤ ኳስ ሲደርሳት ግን አንገቷን ሳትደፋ ትነዳለች። እንዲህ ያለውን ነገር ማስተማር እንደማይቻል መምህርቷ ታውቃለች። ልጅቷ የምትመጣው ውኃ ቀድታ፣ ከብት አስገብታ፣ ታናናሾቿን አብልታ ከጨረሰች በኋላ ነው። አንዳንድ ቀን የምትደርሰው ሌሎቹ ሊበተኑ ሲሉ ነበርና መምህርቷ ስለ እርሷ ብላ ግማሽ ሰዓት ትቆይ ጀመር።

ሦስተኛው ክረምት ለሶዶ የደስታ ክረምት ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ከተማዋ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። አደባባዩ በሰንደቅ ዓላማ አሸበረቀ፤ የቤት ኪራይም ከዚያ ወዲያ አልቀመስ አለ። በዚያው ወር በኡጋንዳ በተደረገው ማጣሪያ ንግድ ባንክ ዳግመኛ ለፍጻሜ ደረሰ። ከታንዛኒያው ጄ.ኬ.ቲ. ኩዊንስ ጋር ተጫውቶም በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። በሜዳ ላይ ሳይበለጡ መሸነፍ ከሁሉ የከፋ ሽንፈት ነው። ሰው ጥፋቱን የሚፈልግበት ቦታ ያጣል።

መምህርቷ ይህን ውጤት በእጅ ስልኳ ላይ ስታነብ ልቧ ግን በሌላ ነገር ተይዞ ነበር። ግራ እግሯ ልጅ ለአንድ ሳምንት ከሜዳው ቀርታለች። ጓደኞቿ በሹክሹክታ እንደነገሯት ከአዲስ አበባ የመጣች ዘመድ ልጅቷን ለቤት ሠራተኝነት ልትወስዳት ነው። በወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ ልጆች ገና በለጋ ዕድሜያቸው ወደ ትላልቅ ከተሞች ለሥራ የሚሄዱበት መንገድ ከጥንት የተደለደለ ነው። ወንዱ ጫማ ይጠርጋል፣ ይሸከማል፣ ሎተሪ ያዞራል፤ ሴቷ በሰው ማጀት ትገባለች። ከሄዱት መካከል የተማሩ፣ ሀብት ያፈሩም አሉ። ድምፃቸው የጠፋም አሉ።

መምህርቷ ወደ ልጅቷ ቤት በሄደች ጊዜ እናትየውን ያገኘቻት ከጓሮ፣ እንሰት ስትፍቅ ነው። ሥራው በወላይታ የሴት ሥራ ነው። እንሰቱ ሲቆረጥ የግንዱ ልባስ አንድ በአንድ ይገነጠላል፤ ሴቲቱ ከተጋደመው ሳንቃ ፊት ተቀምጣ ልባሱን በአንድ እግሯ ተረከዝ አጥብቃ ትይዝና በሁለት እጇ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ቃጫው በአንድ ወገን ይቀራል፣ ለቆጮ የሚሆነው ሥጋው በሌላው ይወርዳል። ከጧት እስከ ማታ የሚሠራውን ይህን ሥራ እግር ካልያዘ እጅ ብቻውን አይወጣውም።

ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ እናትየው የመጣችበትን ጉዳይ ሳትጠየቅ ጀመረች። «መምህርት፣ ስለ ልጅቷ እንደመጡ አውቄአለሁ። ክፉ እንደማያስቡላትም አውቃለሁ። ግን እግሯ ቢሰበር ማን ያገባታል? አዲስ አበባ ብትሄድ በወር በወሩ ትልክልናለች።»

መምህርቷ ከሳንቃው አጠገብ ተቀመጠች። «እትዬ፣ እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት በእግርዎ እየያዙ ሲፍቁ እግርዎ ተሰብሯል?» አለች።

እናትየው ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። «ይህ እህል ነው፤ ያኛው ጨዋታ ነው» አለች።

መምህርቷ ለዚህ መልስ አልነበራትም። የምትመልሰው ሁሉ ከመጽሐፍ የተቀዳ እንጂ ከዚያ ጓሮ የበቀለ እንደማይሆን ተሰምቷታል። ስለዚህ የምትችለውን ብቻ ለመነች፤ «እንግዲያስ እስከ ጊፋታ ይታገሱኝ» አለች። ጊፋታ በመስከረም የሚውለው የወላይታ የዘመን መለወጫ ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሰበሰባል እንጂ ከቤቱ አይወጣም። እናትየውም በዚህ ተስማማች። ጊፋታ ካለፈ በኋላ ደግሞ ትምህርት ተከፈተ፤ አዲስ አበባ ያለችው ዘመድም ሌላ ልጅ ወሰደች። ግራ እግሯ ልጅ በሶዶ ቀረች። ሌላይቱ ልጅ ማን እንደሆነች መምህርቷ አላወቀችም፤ ማወቅ ግን አስፈልጓት ነበር።

አራተኛው ክረምት ማጣሪያውን ወደ አገር ቤት አመጣው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የቀጣናው ክለቦች በአዲስ አበባ፣ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ተሰበሰቡ። በአሠልጣኝ ብርሃኑ ግዛው የሚመራው ንግድ ባንክ ደረጃ በደረጃ አልፎ ለፍጻሜ ደረሰ፤ በዚያም የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸነፈ። በአፍሪካ የሴቶች ክለቦች ሻምፒዮንስ ሊግ ለማጠቃለያው ውድድር የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። በናይሮቢ 13 ግቦችን ያገባችው ሎዛ አበራ ግን ቡድኑ በኅዳር ወደ ሞሮኮ ሲሻገር ከመካከሉ አልነበረችም፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ዲሲ ፓወር ለተባለው ክለብ ፈርማ ሄዳለች። እንሰት የሚተክለውና እንሰቱን የሚበላው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይሆንም። አያት የተከለውን የልጅ ልጅ ይበላዋል፤ ተካዩ አልበላሁም ብሎ ሲያዝን የታየበት ጊዜ ግን የለም።

በሶዶ ሜዳ የልጃገረዶቹ እልልታ በተሰማ ጊዜ ከአጥሩ ማዶ፣ የእንግሊዝ ጨዋታዎች በሚታዩበት ቤት በር ላይ የቆሙ ወጣቶች «ምን ተገኘ?» ብለው ጠየቁ። ከበሩ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ የአርሰናልና የማንቸስተር ሰዓቶች በጠመኔ ተጽፈዋል። ከልጃገረዶቹ አንዷ ጠመኔውን ተቀብላ ከግርጌው «ንግድ ባንክ 1፣ ኬንያ 0» ስትል ጻፈች። የቤቱ ባለቤት እያየ ዝም አላት፤ ጽሑፉም ለሁለት ቀን ሳይጠፋ ቆየ።

ሞሮኮ ግን ሌላ ደረጃ ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ንግድ ባንክ የተመደበው ከዋንጫው ባለቤት ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ከናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስና ከግብፁ ማሳር ጋር ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ በኤዶ ኩዊንስ 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከምድቡም ሳያልፍ ተመለሰ። ዋንጫውን በመጨረሻ የወሰደው የኮንጎው ቲ.ፒ. ማዜምቤ ሲሆን፣ የአስተናጋጇን አገር ክለብ አ.ኤስ. ፋርን በፍጻሜው 1 ለ 0 አሸንፏል። በዚያው የውድድር ዘመን በአውሮፓ አርሰናል ባርሴሎናን በሊዝበን 1 ለ 0 ረትቶ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግን አነሣ። ሁለቱን ውድድሮች ጎን ለጎን ለሚያይ ሰው ልዩነቱ በገንዘብና በተመልካች ብቻ የሚወሰን አይደለም። በአውሮፓው ምድብ አንድ ክለብ በሜዳውና ከሜዳው ውጪ ስድስት ጨዋታዎችን ይጫወት ነበር፤ በመጀመሪያው ቢሸነፍ የሚማርበት አምስት ቀሪ ጨዋታ አለው። የአፍሪካው ምድብ ሦስት ብቻ ነው፤ ሦስቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በሰው አገር ሜዳ። አራት ክረምት የተለፋበት ነገር ከአንድ ሳምንት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ተዘጋ።

በማግሥቱ ከኳስ ቤቱ በር ላይ የነበሩት ወጣቶች ልጃገረዶቹን «የባንክ ገንዘብ አለቀ እንዴ?» እያሉ አሾፉባቸው። ሌሎቹ አንገታቸውን ሲደፉ ግራ እግሯ ልጅ «ድቻስ ከዛማሌክ በኋላ በማን ወጣ?» ስትል መለሰችላቸው። ወጣቶቹ ዝም አሉ፤ ሁሉም ያስታውሳል። ድቻ ዛማሌክን አስወጥቶ በሚቀጥለው ዙር በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ተሸንፎ ቀርቷል። ስለዚያ ሽንፈት ግን በሶዶ ማንም ሲያፍር አይታይም፤ የሚነገረው ዛማሌክን የማሸነፉ ታሪክ ብቻ ነው። ልጅቷ የጠየቀችው ሴቶቹም በዚሁ ሚዛን እንዲመዘኑ እንጂ ሌላ አልነበረም።

ሽንፈት ለወንድ ቡድን የአንድ ቀን ጉዳይ ሲሆን ለሴት ቡድን የመኖር አለመኖር ጥያቄ እየተደረገ የሚነሣው በሶዶ ብቻ አይደለም። ወንዶች ሲሸነፉ አሠልጣኙ ይወቀሳል፤ ሴቶች ሲሸነፉ ጨዋታው ራሱ «ቀድሞስ ቢሆን ለእነርሱ ነው ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። የእንግሊዝ ማኅበር የዚያን ዘመን ፍርድም ከዚህ የራቀ አልነበረም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በወንዶች አህጉራዊ ውድድር የሚሰለፍ ክለብ የሴቶች ቡድን እንዲኖረው በፈቃድ ደንቡ መጠየቁ ይህን ጥያቄ በጥቂቱም ቢሆን ለመዝጋት ነው። ደንብ በር ይከፍታል፤ ነገር ግን ለአንዲት የሶዶ ልጅ በሩ ያለው በሐዋሳ፣ በአርባ ምንጭ ወይም በአዲስ አበባ ነው። እስከዚያ የሚያደርሳትን መንገድ የምትሄደው ከጓሮዋ ተነሥታ ነው፤ ከጓሮው ደግሞ እናት አለች።

በዚያው ኅዳር መጨረሻ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ያቺው እናት ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ በር መጣች። መምህርቷን አስጠርታ ቆጮውን ከሰጠቻት በኋላ ለመሄድ ዞር ካለች ወዲያ ቆመች።

«መምህርት፣ እነዚያ የባንክ ልጆች ደመወዝ አላቸው ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እትዬ። እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በወር በወሩ ይከፈላቸዋል።»

«ኳስ ለመጫወት?»

«ኳስ ለመጫወት።»

እናትየው ጥቂት አሰበች። ከሦስተኛው ክረምት ጀምሮ በመካከላቸው ተንጠልጥሎ የቆየውን ነገር፣ ያንን የእህልና የጨዋታ ሒሳብ፣ እንደገና የምትሠራው ይመስል ነበር። መምህርቷ ልታክልላት የምትችለው ብዙ ነገር ነበራት፤ ሁሉም ልጃገረድ ለባንክ እንደማትበቃ፣ ከሜዳው ልጃገረዶች ምናልባት አንዷም ላትደርስ እንደምትችል፣ ደመወዙም ከወንዶቹ ጋር የሚተካከል እንዳልሆነ። ሊነገር የሚገባውን ሳትሸሽግ ነገረቻት። እናትየው እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «እንሰትም ሁሉ አይጸድቅም» አለች።

ከዚያም ገበያው ሳይበተን ለመድረስ ቁልቁል ወረደች። በማግሥቱ ቅዳሜ ግራ እግሯ ልጅ ወደ ሜዳው የመጣችው ከሁሉ ቀድማ ነው።